«ኦኬ» ስንል ምን እያልን ነው?



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ያላለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቃሉ «ኦኬ» ነው። በስልክ «ኦኬ፣ በቃ እደውላለሁ» እንላለን። የታመመ ዘመድ ስንጠይቅ «አሁን ኦኬ ነኝ» ይለናል። ጉዳይ ለማስፈጸም የሄደ ሰው ከቢሮ ወጥቶ «ኃላፊው ኦኬ ብሎኛል» ይላል። እንግሊዝኛ ምንም የማያውቁ እናቶቻችንም ይህችን አንዷን ያውቋታል።

የሚያሳስበኝ ይኸው መለመዱ ነው። ሁሉም ያውቀዋል ስለሚባል ማንም አያስተምረውም፤ ማንም አይጠይቅበትም። የእንግሊዝኛ መምህር ተማሪውን በግሥና በመስተዋድድ ሲያደክመው ይውልና ይህን ቃል ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን «ኦኬ» ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ትልቅ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት አንዱ ነው እላለሁ። መስማማትን የሚገልጽ ቃል ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መስማማት አይደለም። «ሰማሁ» ብቻ ሊሆን ይችላል። «ፈቀድሁ» ሊሆን ይችላል። «ደህና ነው፣ ግን ደስ አላለኝም» ሊሆን ይችላል። «አይ፣ ይቅርብኝ» ሊሆንም ይችላል። ይህን ሳይለዩ በሚናገሩበት ቦታ ሰው ይጎዳል፤ ሰው የሞተበትም ጊዜ አለ። ወደዚያ እደርሳለሁ። አስቀድሜ ግን ቃሉ የት እንደ ተወለደ ልንገራችሁ፤ የልደቱ ታሪክ ባሕርዩን ያሳያልና። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1830ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ጋዜጠኞች አንድ የቃላት ጨዋታ ያዛቸው። ሐረግን በሙሉ ከመጻፍ ይልቅ የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ብቻ መጻፍ ፋሽን ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ጨዋታው ሌላ መልክ ያዘ፤ ቃሉን አውቀው በተሳሳተ ፊደል እየጻፉ ያሳጥሩት ጀመር። ለምሳሌ «ኦል ራይት» የሚለው አነጋገር በትክክል ሲጻፍ «ኤ» እና «አር» በሚባሉት ፊደላት ይጀምራል። እነሱ ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጆሮው እየሰማ የሚጽፍ አስመስለው «ኦ» እና «ደብልዩ» አደረጉት። የጋዜጣ አንባቢ ይህን ፈትቶ ሲያገኘው ይስቅ ነበር።

መጋቢት 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የተባለው ጋዜጣ በሁለተኛ ገጹ ላይ «ፀረ ደወል» በሚል ስም ስለሚጠራ አንድ ማኅበር አጭር የቀልድ ማስታወሻ አወጣ። የጋዜጣው አዘጋጅ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ነበር። በማስታወሻዋ መካከል «ኦ.ኬ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ፤ ቀጥሎም ትርጉማቸው ተጽፏል፤ «ኦል ኮሬክት»፣ ሁሉም ትክክል ነው። ሁለቱ ቃላት በትክክለኛ አጻጻፍ የሚጀምሩት በ«ኤ» እና በ«ሲ» ነው። የጋዜጠኛው ፊደላት ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለው መልእክት አንድም ትክክለኛ ፊደል በሌለው ምሕፃረ ቃል ተጻፈ። የቀልዱ ፍሬ ይህ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ቃላት አንዱ የሆነው «ኦኬ» እስከ ዛሬ በሚታወቀው መረጃ መጀመሪያ በሕትመት የታየው በዚያች ገጽ ነው።

በዚያን ዘመን የተፈጠሩት ምሕፃረ ቃላት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞተዋል። «ኦኬ»ን ያዳነው ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ይወዳደሩ ነበር። የተወለዱት በኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ አፋቸውን የፈቱትም በሆላንድኛ ነው። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ያልሆነ እሳቸው ብቻ ናቸው። ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ የኪንደርሁኩ አንጋፋ፣ የሚል ቅጽል አወጡላቸው፤ ያም ሲያጥር «ኦ.ኬ.» ሆነ። በኒው ዮርክ የኦኬ ክበብ ተቋቋመ። ሁለቱ ትርጉሞች ተደራረቡ፤ ሰውየው «ኦኬ» ናቸው፣ ነገሩም ሁሉ «ኦኬ» ነው።

ተቃዋሚዎች ዝም አላሉም። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ቃሉን የፈጠሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ናቸው ሲል ጻፈ። ጃክሰን ፊደል በቅጡ ስለማያውቁ ያጸደቁትን ወረቀት ሁሉ በስሕተት «ኦ.ኬ.» እያሉ ይመልሱ ነበር አለ። ወሬው ቫን ቢውረንን በወዳጃቸው በጃክሰን በኩል ለመምታት የተፈጠረ ነው። ቫን ቢውረን የ1837ቱ የገንዘብ ቀውስ በሕዝብ ዘንድ ስማቸውን አጥፍቶባቸው ነበርና በምርጫው በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን 234 ለ60 በሆነ የመራጮች ጉባኤ ድምፅ ተሸነፉ። ቃሉ ግን በዘመቻው ዓመት አገሩን ሁሉ አዳርሶ ነበር። ስለ ጃክሰን የተፈጠረውም ወሬ እንደ እውነተኛ ታሪክ ተይዞ ለብዙ ትውልድ ሲነገር ኖረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቃሉ ምንጭ ከተረሳ በኋላ ባለቤት ነኝ ያላለ ሕዝብ የለም ማለት ይቻላል። ግሪኮች «ኦላ ካላ» ከሚለው አነጋገራቸው አመጡት፤ ስኮትላንዶች «ኦክ አይ» ከሚለው። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ከሆኑት ከቾክቶዎች ቋንቋ ነው የሚለው አስተያየት ደግሞ እስከ ዋይት ሐውስ ደረሰ፤ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህን ስላመኑ ወረቀት ሲያጸድቁ በቾክቶ አጻጻፍ «ኦኬህ» ብለው ይጽፉ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ዴቪድ ዳልቢ ቃሉ በባርነት ከተወሰዱ ምዕራብ አፍሪካውያን፣ በተለይም በወሎፍ ቋንቋ «አዎን በእርግጥ» ከሚለው አነጋገር ሳይመጣ እንዳልቀረ ተናገሩ። ይህ ሐሳብ እንደ አፍሪካዊነቴ ልቤን ይነካዋል። በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ለአሜሪካ እንግሊዝኛ ቃላት ማበርከታቸውም ሐቅ ነው፤ የኦቾሎኒ አንዱ መጠሪያ «ጉበር» እና የ«ኦክራ» ስም ከአፍሪካ የሄዱ ናቸው። ነገር ግን የወሎፉን ሐረግ ከቦስተኑ ቃል ጋር የሚያገናኝ የጽሑፍ ማስረጃ አልተገኘም። ልብ የሚወደው ታሪክ በማስረጃ ፊት መቆም አለበት።

ማስረጃውን ፈልጎ ያገኘው አለን ዎከር ሪድ ነው። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። በ1941 ባሳተመው ጽሑፍ የቫን ቢውረንን የኦኬ ክበብ ታሪክ አወጣ። በዚያ ግን አላረፈም። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1963 እና በ1964 አሜሪካን ስፒች በተባለው የጥናት መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎችን አወጣ፤ የ1839ኙን የቦስተን ጋዜጣ ያሳየው ያኔ ነው። የሪድን ሥራ የማደንቀው የቃሉን የመጀመሪያ መታያ ስላገኘ ብቻ አይደለም። በዚያው ወቅት በዚያው ዓይነት ጨዋታ የተፈጠሩ ሌሎች ምሕፃረ ቃላትን ሰብስቦ ከጎኑ አቆማቸው። አንድ ፊደል ብቻውን ቢገኝ መጠራጠር ይቻላል፤ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ሲገኝ ግን የት ቤት ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። በእኛም አገር ስለ ቃላት ምንጭ ብዙ ይነገራል፤ ቃሉ ከዚህ ቃል ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል ከዚያ መጣ ማለት ይበቃል እየተባለ። የሪድ መንገድ ይሻላል፤ መቼ ተጻፈ፣ ማን ጻፈው፣ ከጎኑ ምን ነበረ ብሎ መጠየቅ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ1844 የሳሙኤል ሞርስ ቴሌግራፍ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር መልእክት ካደረሰ በኋላ ኦፕሬተሮች መልእክት መቀበላቸውን በሁለት ፊደል ማሳወቅ ተመቻቸው፤ ባቡር ቤቱም ተከተላቸው። ደራሲዎች ግን ለረጅም ጊዜ ቃሉን አላከበሩትም። ሉዊዛ ሜይ አልኮት «ሊትል ዊሜን» በተባለው መጽሐፏ ሁለተኛ ክፍል በ1869 ተጠቀመችበት፤ በ1880 በታተመው እርማት ውስጥ ግን ወጥቶ በሌላ ቃል ተተካ። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተርና ስልክ የሚነካ ሰው ሁሉ ይጫነዋል። አፕል ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር ሲያዘጋጅ ዛሬ «ኦኬ» በሚባለው የማያ ገጽ ቁልፍ ላይ «ዱ ኢት»፣ ማለትም «አድርገው»፣ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሙከራ ላይ የተቀመጡ አንዳንድ ሰዎች ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገው «ዶልት»፣ ደደብ፣ ብለው አነበቡትና ተቀየሙ። በ«ኦኬ» ተተካ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ። እንግሊዝኛ «ጥሩ» ለማለት የሚያገለግሉ ብዙ ቃላት አሉት። «ኦኬ» ከእነሱ አንዱ አይደለም። ነገሩ እንዳለፈ፣ እንደማይከለከል፣ ችግር እንደሌለው ይናገራል እንጂ አያመሰግንም። አሜሪካዊት ጎረቤት ለእራት ጠርታችሁ «ምግቡ እንዴት ነው?» ብትላችሁ «ኦኬ ነው» ማለት ቅር ያሰኛታል፤ «ይበላል» እንደማለት ነውና። በአማርኛ «አሪፍ ነው» ለማለት የምንጥላት «ኦኬ» እዚያ አገር ሌላ ነገር ሆና ትሰማለች። ወድቆ የተነሳን ሰው ግን «ኦኬ ነህ?» ብንለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የምንጠይቀው ስለ ደስታው ሳይሆን ስለ ጉዳቱ ነው።

በአንዲት ትንሽ ቃል ለውጥ መልሱ የሚገለበጥበት ቦታም አለ። «ቡና ልጨምርልህ?» ስትባሉ «ኦኬ» ካላችሁ ይቀዳላችኋል። «አይም ኦኬ» ካላችሁ፣ ቃል በቃል «እኔ ኦኬ ነኝ»፣ ጀበናው ይመለሳል፤ «በቅቶኛል፣ አልፈልግም» ብላችኋልና። እኛ ደግሞ እንግዳን አንዴ እምቢ ቢል ካልለመንነው ያላከበርነው ይመስለናል፤ «በሞቴ» ሳንል አንተወውም። «አይም ኦኬ» ያለ ፈረንጅ ግን እምቢታውን ጨርሷል። ይህን የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ችኮ ነው፣ ሌላውም ያኛውን ደረቅ ነው እያሉ ይለያያሉ።

«ኦኬ» ምንም ጥያቄ ሳይኖር የሚነገርበትም ጊዜ አለ። መምህር ክፍል ገብቶ «ኦኬ» ሲል ማንም ላቀረበለት ሐሳብ አልተስማማም፤ «እንጀምር» ማለቱ ነው። በስልክ ወሬ መጨረሻ ላይ ረዘም ብሎ የሚነገረው «ኦኬ» ደግሞ «ልዘጋው ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ኢማኑኤል ሼግሎፍና ሃርቪ ሳክስ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት በ1973 ሰዎች የስልክ ንግግር እንዴት እንደሚዘጉ ሲያጠኑ ይህን በሚገባ አሳይተዋል፤ ማንም በድንገት አይሰናበትም፤ አስቀድሞ እንዲህ ባለ ቃል በር ያንኳኳል። የእጅ ምልክቱም ቢሆን እንደ ቦታው ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ክብ ሲሠሩ በባሕር ጠላቂዎች ዘንድ «ኦኬ» ነው፤ በብራዚል ግን ስድብ ነው። ጠላቂዎች አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳትን በ«ኦኬ» ፈንታ አይጠቀሙበትም። ያ ምልክት ከውኃ በታች «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው።

እኛ «እሺ» አለን። የሁለቱ ቃላት ልዩነት መጤን አለበት ባይ ነኝ፤ አንዱን በሌላው ስንተረጉም ብዙ ነገር ይፈስሳልና። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል። «እሺ» የሚመልሰው ለሰው ነው። ለታላቅ፣ ለአሠሪ፣ ለሽማግሌ የምንሰጠው አክብሮት አለበት፤ «እሺ በጄ» ስንል ደግሞ መታዘዝም ጭምር ነው። «ኦኬ» የሚመልሰው ለነገሩ ነው፤ ለጌታውም ለሎሌውም አንድ ነው። በአሜሪካ ያደገ ልጅ አባቱ ሲያዙት «ኦኬ» ሲል የአባት ጆሮ የሚኮሰኩሰው ለዚህ ነው። ልጁ አልደፈረም፤ ቋንቋው የሰጠውን ቃል ተናገረ። ብዙ የቤት ኩርፊያ ከዚህ ይነሳልና ወላጆች ይህን እንድታስቡልኝ እለምናለሁ።

በተቃራኒው መንገድ የሚደርሰው ጉዳት ግን ከኩርፊያ ይበልጣል። በአማርኛ አንድ ሰው የተባለውን በሚገባ ሳይረዳም፣ ሳይስማማም፣ ተናጋሪውን ላለማሳፈር «እሺ» ይላል። ያንኑ ሰው በእንግሊዝኛ ሐኪም ወይም አለቃ ፊት ስናቆመው «ኦኬ፣ ኦኬ» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «ገብቶኛል፤ ተስማምቻለሁ፤ እንዳልኸው አደርጋለሁ» ብሎ ይሰማዋል።

ሞት አለበት ያልሁት ይህ ቦታ ነው። መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፌ፣ ሎስ ሮዴዮስ በተባለ አነስተኛ አየር ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጩ። አንዱ የሆላንዱ ኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው ፓን አም ነበር። ሁለቱም ወደዚያ የመጡት በጎረቤት ደሴት ባለው አየር ማረፊያ ቦምብ ስለ ፈነዳ ነው። ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ የተሰጠውን የበረራ መስመር መልሶ ካነበበ በኋላ «አሁን መነሻ ላይ ነን» በሚል ዓይነት አነጋገር ጨረሰ። የማማው ተቆጣጣሪ ቦታ መያዛቸውን የነገሩት መስሎት «ኦኬ» አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ለመነሳት ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ ሲል ጨመረ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም ገና በማኮብኮቢያው ላይ መሆኑን ለማሳወቅ ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች በራዲዮ ተጋጭተው በኬኤልኤም ክፍል ውስጥ የተሰማው የሚያፏጭ ድምፅ ሆነ። ከዚያ በፊት ጥርት ብሎ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ነው።

ቃሉ ብቻውን ገደላቸው አልልም። ካፒቴኑ ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ጀምሮ ነበር፤ ጉሙም፣ ድካሙም፣ ጥድፊያውም ነበረ። ያም ሆኖ «ኦኬ» ሊያቆማቸው በሚገባው ሰዓት አላቆማቸውም፤ የተሳሳተውን እምነታቸውን አጸናላቸው። ተናጋሪው «ሰማሁ» አለ፤ ሰሚዎቹ «ሂዱ» ሰሙ። 583 ሰዎች ሞቱ። እስከ ዛሬ ከደረሱት የአውሮፕላን ግጭቶች እንደዚያ ብዙ ሰው ያለቀበት የለም።

ከዚያ በኋላ የአየር መንገድ ቋንቋ ተለወጠ። «መነሳት» የሚለው ቃል ፈቃዱ ራሱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር አይነገርም፤ ሌላ ጊዜ «ጉዞ» በሚል ቃል ይተካል። አብራሪው ለእንዲህ ያለ ትእዛዝ «ኦኬ» ወይም «ሰማሁ» ብቻ ብሎ አይመልስም፤ ትእዛዙን መልሶ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም አድምጦ ያርማል። ዛሬ ከቦሌ የሚነሳ አብራሪም በዚሁ ዓለም አቀፍ ደንብ ይናገራል።

ሐኪሞችም ይህን ትምህርት ወስደዋል። በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ነርሷ ስለ መድኃኒቱ አስረድታ ስትጨርስ «ገባዎት?» ብላ እንዳትተው ትመከራለች፤ መልሱ «ኦኬ» እንደሚሆን ታውቃለችና። ይልቁንም «እስቲ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ትላለች። በሽተኛው በራሱ ቃል ከተናገረ ያኔ መረዳቱ ይታያል። እንዲህ ስትጠየቁ እንደ ፈተና ቆጥራችሁ አትሸማቀቁ። ባትጠየቁም ራሳችሁ ጀምሩት፤ «የነገሩኝን ልድገመው፤ ከተሳሳትሁ ያርሙኝ» በሉ። የደመወዝ ውል ስትፈርሙ፣ የቤት ኪራይ ስትዋዋሉ፣ በዐረብ አገርም ሆነ በአሜሪካ አሠሪ ሥራ ሲያሳያችሁ እንዲሁ አድርጉ።

በመጨረሻ በተለይ ለወጣቶች አንድ ቃል አለኝ። በአሜሪካ የምትኖሩ ልጆች እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ። ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ እናንተ በሁለት ቃል ታሳጥሩታላችሁ፤ እናታችሁ «እሺ» ይላሉ፤ እናንተም ለሐኪሙ «ኦኬ» ትላላችሁ። ይህን ተዉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ሕመምተኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ይህ በ1964 ከወጣው የዜጎች መብት ሕግ የመነጨ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ በአካል ባይገኝ በስልክ ይገኛል። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።